ማስረጃው እስኪመጣ ዓሣውን ማን ይብላው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፣ ከረዘመባችሁ ቆርጣችሁ አውጡት፣ ስለ ድመቶቹ የጻፍኩትን ብቻ እንዳትነኩብኝ።

ባለፈው እትማችሁ ላይ አንድ አንባቢ ስለ ሐዋሳ ሐይቃችን፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ዓሣውን ይመርዛል ስለሚባለው ነገር የጻፉትን አንብቤ ነው ብዕር ያነሳሁት (ብዕር ስል ስልኬን ማለቴ ነው)። ሰውየው ጨዋ ናቸው፣ ማንንም አልተሳደቡም፣ ነገራቸው ባጭሩ "ማን ታመመ? ማን ሞተ? ማስረጃ ካላችሁ አምጡ፣ ከሌላችሁ የዓሣ ነጋዴውን ገበያ አትዝጉበት፣ ፋብሪካውንም አታስበርግጉ" ነው። አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነበር፣ ሐዋሳ ላይ ቆሮሶ እየሸጠ ነው ያሳደገኝ፣ ስለዚህ ገበያ ሲጠፋ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ማንም አይነግረኝም። ግን ይቺን "ማስረጃ ይምጣ" የምትባል ነገር ስሰማ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ምክንያቱም ይቺ ቃል አንድ ከተማ ላይ የሠራችውን ቦታው ድረስ ሄጄ አይቻለሁ።

ከተማዋ ሚናማታ ትባላለች። ጃፓን፣ ኪዩሹ ደሴት፣ ኩማሞቶ የሚባል ክፍለ ሀገር ውስጥ። የምሠራው ውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሆነ ለአጭር ስልጠና ተልከን ነበር፣ አንድ ቀን በባስ ወሰዱን። ባሕር ሲሉኝ ትልቅ ማዕበል ነገር ጠብቄ ነበር፣ ስደርስ ግን በደሴቶች የታጠረ ዝም ያለ ውሃ ነው፣ ጠዋት ላይ የኛን ሐይቅ ነው የሚመስለው፣ እውነቴን ነው ሆዴ ተንቦጫቦጨ። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

እዛ ከተማ ቺሶ ይባል የነበረ የኬሚካል ፋብሪካ አለ፣ እዛ የገባው በ1908 ነው። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፣ ግብሩ የሱ፣ ሥራው የሱ፣ ሆስፒታል ሁሉ ነበረው። ዓሣ አስጋሪዎቹ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብለው በየባሕረ ሰላጤው ዳር ባሉ መንደሮች የሚኖሩ ድሆች ናቸው፣ እርሻቸው ውሃው ነው፣ ቁርስም ምሳም እራትም ዓሣ። ቆሻሻው መረባቸውን ማበላሸት የጀመረው ገና ድሮ ነው፣ በ1926 ፋብሪካው ለማኅበራቸው 1,500 የን ከፍሎ "ከዚህ በኋላ ቅሬታ አናቀርብም" አስብሎ አስፈርሟቸዋል። ይቺን ፊርማ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ትመጣለች።

በ1932 አሴታልዴሃይድ የሚባል ኬሚካል ማምረት ጀመሩ፣ ለፕላስቲክ ምናምን የሚገባ ነው። ይሄን ለማምረት ሜርኩሪ እንደ ካታሊስት (ምርቱን የሚያፋጥን ነገር) ይጠቀሙ ነበር፣ ያው አያቶቻችን ባዜቃ የሚሉት፣ ቴርሞሜትር ሲሰበር እንደ ብር ዶቃ መሬት ላይ የሚሮጠው። በምርቱ ሂደት ውስጥ ሜርኩሪው ከፊሉ ሜቲል ሜርኩሪ ይሆናል፣ ክፉው እሱ ነው፣ ከነፍሳሽ ውሃው ጋር ተለቆ በቀጥታ ወደ ባሕሩ። በጠቅላላው ባሕሩ ውስጥ የገባው ሜርኩሪ ከ70 እስከ 150 ቶን እንደሚሆን ይገመታል። ውሃው ላይ ብታይ አይታይም፣ ብትቀምስ አይታወቅም። ውሃው ውስጥ ያለችው ጥቃቅን ነገር ትወስደዋለች፣ እሷን ትንሽ ዓሣ ይበላታል፣ ትንሹን ትልቁ፣ እያንዳንዱ በላተኛ የበላውን ሁሉ ሜርኩሪ ሥጋው ውስጥ እያጠራቀመ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የሚበላው ማነው፣ አስጋሪው ነዋ፣ ከነቤተሰቡ።

አሁን ድመቶቹ ጋ ደረስን። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአስጋሪዎቹ ድመቶች ያብዱ ጀመር። ዓሣ የሚደርቅበትና መረብ የሚጠገንበት መንደር ድመት ምን እንደምትበላ የታወቀ ነው። ይሽከረከራሉ፣ ግድግዳ ይገጫሉ፣ ዘለው ባሕር ውስጥ ይገባሉ፣ ሰዎቹ "የሚጨፍሩ ድመቶች" ይሏቸው ነበር፣ ቁራ እንኳ ከሰማይ ይወድቅ ነበር። በነሐሴ 1954 የኩማሞቶ ጋዜጣ አንድ ትንሽ ዜና አወጣ፦ ሞዶ በሚባል መንደር ድመቶቹ ሁሉ አልቀው አይጥ ስላስቸገረ ነዋሪዎቹ ማዘጋጃ ቤት ሄደው አይጥ አጥፉልን ብለው አመለከቱ። ይኸው ነው። ለአንባቢ የሚያስቅ ዜና ነው፣ እኔም ባነበው እስቅ ነበር መሰለኝ። ሰው መታመሙ በይፋ የታወቀው ግን ከዛ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል ነው፣ ድመቶቹ ቀድመው ጨርሰዋል፣ እና ጋዜጣው ላይ ነበር! ለዚህ ነው ደብዳቤውን ለናንተ የጻፍኩት፣ ለቢሮ ማመልከቻ ብጽፍ ፋይል ውስጥ ነው የሚቀረው።

በ1956 ሚያዝያ የአንድ ጀልባ ሠሪ የ5 ዓመት ልጅ መራመድና መናገር አቅቷት የፋብሪካው ሆስፒታል ገባች፣ በቀናት ውስጥ የ2 ዓመት እህቷም ተከተለች። የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ሆሶካዋ ሐጂሜ ግንቦት 1 ቀን 1956 "ምክንያቱ ያልታወቀ የነርቭ በሽታ" ብሎ ለጤና ጽሕፈት ቤት አስታወቀ፣ በሽታው በይፋ የታወቀበት ቀን የሚባለው ይሄ ነው። ሰዎቹ ጣታቸው ይደነዝዛል፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታቸዋል፣ ይንገዳገዳሉ፣ ምላሳቸው ይተሳሰራል፣ ዓይናቸው ልክ በቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ይጠብባቸዋል፣ የከፋባቸው ይንፈራገጡና ይሞታሉ። ጎረቤት ተላላፊ ነው ብሎ ሸሻቸው፣ ቤታቸው በመድኃኒት ተረጨ፣ ባለሱቅ ብራቸውን በእጁ አልነካም አለ። አስቡት እስቲ፣ የተመረዘው ሰው እንደ መርዝ ሲታይ።

በዛው ዓመት መጨረሻ አካባቢ የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ተላላፊ እንዳልሆነ፣ ከባሕረ ሰላጤው ዓሣ የሚመጣ የከባድ ብረት መመረዝ እንደሚመስል ተናግረዋል። በቃ እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ክፍለ ሀገሩ ዓሣውን በምግብ ሕግ እናግደው ወይ ብሎ በ1957 ማዕከላዊ መንግሥትን ሲጠይቅ የጤና ሚኒስቴር የመለሰው ምን መሰላችሁ፣ የባሕረ ሰላጤው ዓሣ *ሁሉ* መርዛማ ለመሆኑ ግልጽ ማስረጃ ስለሌለ ሕጉን መጠቀም አይቻልም። ሁሉ! እያንዳንዱ ዓሣ ወረፋ ይዞ ይመርመር እንዴ? ስለዚህ እገዳ የለም፣ እገዳ ከሌለ ካሳ የለም፣ ነጋዴው ግን ሰምቷል አይገዛም፣ ታዲያ ያልተሸጠው ዓሣ የት ይገባል፣ ቤት ነው የሚገባው፣ ልጆቹ ድሮ ከሚበሉት አብልጠው በሉት። የኔ አባት ገበያ ሲጠፋ የሚያደርገው ይሄንኑ ነበር፣ ያልተሸጠው ሁሉ ድስት ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው "ገበያ አትዝጉ" የሚለው ክርክር ለአስጋሪው የታሰበ የማይመስለኝ፣ ገበያው በወሬ ራሱን ይዘጋል፣ አስጋሪውን የሚያድነው ተመርምሮ የታወቀ ነገርና ካሳ ነው።

ከዛ በ1958 ፋብሪካው የፍሳሹን መውጫ ከወደቡ አንስቶ ወደ ሚናማታ ወንዝ አፍ አዞረው። በወራት ውስጥ በወንዙ አፍ አካባቢ ያልታመመ ሰው መታመም ጀመረ። ሳይንቲስት እንዲህ ያለ ኤክስፐርመንት ልሥራ ቢል ይታሰራል፣ እነሱ ግን በሰው ላይ ሠርተው ውጤቱን አላየንም አሉ። ሐምሌ 1959 ላይ ዩኒቨርሲቲው የበሽታው ምክንያት ኦርጋኒክ ሜርኩሪ ነው (ያ ሜቲል ሜርኩሪ ከዚሁ ዓይነት ነው) ብሎ አወጀ። ወዲያው ሌሎች ምሁራን ተነሱ፣ የኬሚካል ኢንዱስትሪው ማኅበር ሰው በጦርነቱ ጊዜ ባሕር የተጣለ ፈንጂ ነው አለ፣ ሌላው ፕሮፌሰር የበሰበሰ ዓሣ ውስጥ የሚገኝ አሚን የሚባል ኬሚካል ነው አለ። ይሄ ሁሉ ጊዜ ቧንቧው ክፍት ነው። እኔ እንደ ላቦራቶሪ ሰው በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ ሳይንስ ጥርጣሬ ይወዳል፣ ጥሩ፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ጥርጣሬው እስኪጣራ ቧንቧውን ዝጉት የሚል ሰው ጠፋ፣ ዓሣውን ብሉት የሚል ግን አልጠፋም።

ዶክተር ሆሶካዋ ደግሞ ለብቻው አንድ ነገር እየሠራ ነበር። ከአሴታልዴሃይድ ክፍሉ የሚወጣውን ፍሳሽ ራሱን ወስዶ ለድመት በምግብ ላይ ያበላ ነበር፣ የሙከራ ቁጥሯ 400 የሆነች ድመት በጥቅምት 1959 ልክ እንደ መንደሩ ድመቶች ሆና ወደቀች። ለአለቆቹ ነገራቸው። ምርመራውን አስቆሙት፣ ውጤቱንም ሸሸጉት። ማስረጃ ይምጣ ሲሉ የነበሩት ሰዎች ማስረጃው መሳቢያቸው ውስጥ ነበር እኮ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው፣ ዘንዶው ሲወጣ መልሰው ከደኑት። ዶክተሩ ዝም አለ፣ ዓመታት ዝም አለ፣ በ1970 በካንሰር ተይዞ ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ነው ለፍርድ ቤት የመሰከረው፣ በዛው ዓመት አረፈ። በሱ መፍረድ ያቅተኛል። እኔም ደመወዝተኛ ነኝ።

ኅዳር 2 ቀን 1959 ሁለት ሺህ ገደማ አስጋሪዎች ፋብሪካውን ሰብረው ገቡ። ከነሱ የተወሰኑት ተከሰው ተፈረደባቸው፣ የፋብሪካው የቀድሞ ፕሬዚዳንትና ሥራ አስኪያጅ ጥፋተኛ የተባሉት በ1979 ነው፣ እሱም በገደብ፣ አንድም ቀን አልታሰሩም። በዛው በ1959 ታኅሣሥ ፋብሪካው ሳይክሌተር የሚባል የፍሳሽ ማጣሪያ በትልቅ ሪባን ቆረጣ አስመረቀ፣ ፕሬዚዳንቱ እንግዶች ፊት ከዛ ወጣ የተባለውን ውሃ በብርጭቆ ጠጣ። ማጣሪያው ሜርኩሪ ለማስወገድ የተሠራ አልነበረም፣ የጠጣውም ውሃ ከአሴታልዴሃይድ መስመር የመጣ አልነበረም። ሪባን ሲቆረጥ ማጨብጨብ ስለምንወድ ነው ይሄን የምነግራችሁ።

ታኅሣሥ 30 ላይ ደግሞ ያቺ ፊርማ ተመለሰች። ለበሽተኞቹ "የመጽናኛ ገንዘብ" ውል አቀረቡላቸው፣ ለአዋቂ በዓመት 100,000 የን፣ ለልጅ 30,000፣ ለሞተ 300,000። ውሉ ውስጥ ወደፊት በሽታው ከፋብሪካው ፍሳሽ የመጣ መሆኑ *ቢረጋገጥ እንኳ* ተጨማሪ ካሳ አንጠይቅም የምትል አንቀጽ አለች። ቀኑን ልብ በሉልኝ፣ ድመት 400 ከወደቀች ሦስት ወር አልሞላም። ዘመን መለወጫ እየደረሰ፣ ቤት ውስጥ በሽተኛ ተኝቶ፣ ዓሣ ሳይሸጥ፣ ማን ነው የማይፈርመው? በ1973 መጋቢት የኩማሞቶ ፍርድ ቤት ይሄን ውል ዋጋ ቢስ ብሎ ቀዶ ለእያንዳንዱ ተጎጂ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የን ፈረደ።

ከሁሉም የማልረሳው የእትብቱን ነገር ነው። እኛ እትብት እንቀብራለን፣ "እትብቴ የተቀበረበት" እንላለን። ጃፓኖች አድርቀው በትንሽ የእንጨት ሣጥን ቤት ያስቀምጡታል። ሚናማታ ውስጥ ዓሣ ብዙ ያልበሉ፣ እንዲያውም ገና ጥርስ ያላወጡ ሕፃናት አንገታቸውን መሸከም እያቃታቸው ያድጉ ነበር፣ እናትየው ግን ቀለል ያለ ነው የሚታይባት። ያኔ ሐኪሞች የእንግዴ ልጅ መርዝ አያሳልፍም ብለው ያምኑ ነበር፣ ስለዚህ ተራ የአንጎል ጉዳት ነው ተባለ። ሐራዳ ማሳዙሚ የሚባል ወጣት ሐኪም ቤት ለቤት እየዞረ እናቶቹን ሰማቸው፣ እነሱ ከመጀመሪያው "ልጄ የኔን መርዝ ወስዶልኝ ነው" ይሉ ነበር። በ1962 መጨረሻ 16 ልጆች በማሕፀን ሳሉ የተመረዙ መሆናቸው ታመነ። በኋላ እነዛ የደረቁ እትብቶች ከየሣጥኑ ወጥተው ሲለኩ ምርቱ በጨመረባቸው ዓመታት የተወለዱት ልጆች እትብት ውስጥ ሜርኩሪውም ከፍ ብሎ ተገኘ። ይሄን ሲነግሩን አብረውኝ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን አንዷ ውጭ ወጥታ ቆመች፣ ነፍሰ ጡር ነበረች።

መንግሥት በሽታው ከቺሶ ፍሳሽ የመጣ ነው ብሎ ያመነው መስከረም 26 ቀን 1968 ነው፣ ፋብሪካው ያንን አመራረት ከአራት ወር በፊት በራሱ ጊዜ ትቶታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። በመሀል በ1965 ኒጋታ ውስጥ በሌላ ኩባንያ ፋብሪካ፣ በሌላ ወንዝ፣ አጋኖ ላይ፣ ያው በሽታ ተደግሟል። የመንግሥትን ጥፋት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያጸናው በ2004 ነው። ባሕረ ሰላጤው በመረብ ታጥሮ ዓሣው እንዳይወጣ ተደርጎ ነበር፣ መረቡ የተነሳው በ1997፣ ጭቃውን ጠርገው ከነሜርኩሪው ቀብረው 58 ሄክታር መሬት አደረጉት፣ 48 ቢሊዮን የን ምናምን ፈጀ። አሁን መናፈሻ ነው፣ እዛ ላይ ሄድኩበት፣ ሣሩ ያምራል፣ ወደ ባሕሩ ያዩ ትንንሽ የድንጋይ ሐውልቶች አሉ፣ ተጎጂዎቹ ራሳቸው የጠረቧቸው። ይፋ እውቅና ያገኘው በሽተኛ ኒጋታን ጨምሮ ሦስት ሺህ ገደማ ነው፣ እውቅና ያላገኘው በአሥር ሺዎች፣ እስከዛሬ ይከራከራሉ። በ2024 ግንቦት 1፣ በመታሰቢያው ቀን፣ ተጎጂዎች ከአካባቢ ሚኒስትሩ ጋር ሲነጋገሩ ሦስት ደቂቃ አለፋችሁ ተብሎ ማይካቸው ተዘጋ። ቪዲዮው ተሰራጭቶ ሚኒስትሩ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። ስልሳ ስምንት ዓመት ጠብቀህ ሦስት ደቂቃ።

የጃፓን ነገር ነው የሚል ካለ ካናዳንም ልጨምርለት፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ድራይደን ከተማ ያለ የወረቀት ፋብሪካ ከ1962 ጀምሮ ወደ 9 ቶን ገደማ ሜርኩሪ ወንዝ ውስጥ ለቆ በ1970 የግራሲ ናሮውስ ነባር ሕዝቦች ዓሣ ማስገር ተዘጋባቸው፣ ያው ሐራዳ እዛም ሄዶ ያንኑ ምልክት አይቷል። እነሱም እስካሁን ይጮኻሉ።

ወደ ቤታችን ልምጣ። እዚህ ሚናማታ አለ አላልኩም፣ ማንም እንዲህ ብሎ እንዳይጽፍብኝ። ግን ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ከዓመታት በፊት የተጠና ጥናት አለ፣ በትልልቅ ቢልጫ ውስጥ ያልተጠበቀ ከፍ ያለ ሜርኩሪ ነው የተገኘው፣ ቆሮሶ ላይ ዝቅተኛ ነው። ለምን ቢባል ቆሮሶ አልጌ ነው የሚበላው፣ ትልቅ ቢልጫ ግን ትንንሽ ዓሣ ይበላል፣ ከላይ ያልኩት መሰላል ነው። ስለዚህ ቆሮሷችሁን ለብለብም ጉላሽም አድርጋችሁ ብሉ፣ እኔም እበላለሁ። ግን ይሄንን አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ዓሣ ለምትሸጥ ሴት፣ ለነፍሰ ጡር ሴት፣ ማን ነገራት? ጥናቱ በእንግሊዝኛ ነው የወጣው። እኔ የምሠራበት ቦታ ሜርኩሪ መለካት ፈልገን መሣሪያው ተበላሽቶ መለዋወጫ ሲጠበቅ ዓመት አልፏል፣ የት መሥሪያ ቤት እንደሆነ ግን አልናገርም፣ እንጀራዬ ነው። በወርቅ ማውጫ አካባቢዎች ደግሞ ሜርኩሪ መጠቀም እየተለመደ ነው፣ ያ ወንዝም ዓሣ አለው፣ ዓሣ የሚበላ ሰውም አለው።

ለጻፉት ጋሼ የምለው እንግዲህ፣ ማስረጃ መጠየቅዎ ልክ ነው፣ ጥያቄው የተላከበት አድራሻ ነው የተሳሳተው። አስጋሪው መመርመሪያ የለውም፣ ፍሳሽ የሚለቀው ግን ቧንቧው የሱ ነው፣ ቁልፉም የሱ፣ ምን እንደሚለቅ በየወሩ አስለክቶ ውጤቱን ለሁሉም በሚታይ ቦታ፣ በአማርኛም በሲዳምኛም ይለጥፍ፣ ወጪውን ራሱ ይክፈል። የሐይቁ ትልልቅ ዓሣ ደግሞ በየዓመቱ ይለካ፣ ከፍ ብሎ ከተገኘ ለአስጋሪው ካሳው በዛው ቀን ይታሰብ። ናንተም ጋዜጠኞቹ አንዳንዴ ከስብሰባ አዳራሽ ወጣ ብላችሁ ጀልባ ማሰሪያው ጋ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቁሙና አስጋሪዎቹ የሚያወሩትን ጻፉ፣ ትንሽ ዜናም ቢሆን፣ የሚያስቅም ቢሆን።

እናቴ አሁንም ሐይቁ ዳር ነው የምትኖረው፣ የዓሣ ጭንቅላት የለመደች አንዲት ግራጫ ድመት አለቻት። ከጃፓን ከተመለስኩ ጀምሮ ስደውል መጀመሪያ የምጠይቀው "ድመቷ እንዴት ናት? አረማመዷ ደህና ነው?" ነው። "ስለኔ ሳትጠይቅ ስለ ድመት" ብላ ትስቅብኛለች፣ ከዛ ሄዳ አይታ ትመጣና ደህና ናት ትለኛለች።

አክባሪያችሁ፣
የአስጋሪው ልጅ፣ ከሐዋሳ